የፕሮኮፊየቭ 7ኛ ሶናታ፦ መሐለኛው ክፍል በእርግጥ «ማረፊያ» ነው?

የፒያኖ ተማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ።

የሩሲያዊውን አቀናባሪ የፕሮኮፊየቭን 7ኛ የፒያኖ ሶናታ፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 83ን፣ ማጥናት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ለምረቃ ፈተናዬ የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ቀን ቀን ጣቶቼ ይዝላሉ። ማታ ተኝቼም ጭንቅላቴ ውስጥ መምታቱን አያቆምም።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «አሌግሮ ኢንኩዬቶ» ይባላል፤ ፈጣንና ዕረፍት የለሽ ማለት ነው። ሁለቱም እጆች አንድ ዓይነት ዜማ ይዘው ይነሳሉ። ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች) የለ፣ ማጀቢያ የለ፣ አጥንቱ ብቻ። ሁለተኛው «አንዳንቴ ካሎሮሶ» ነው፤ ዝግ ያለና ሞቅ ያለ። ሦስተኛው «ፕሬቺፒታቶ»፣ በጥድፊያ። ይሄኛው ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ቢሆን ነው፤ ስጨርሰው ግን ክንዴን ማንሳት ያቅተኛል።

ሁለት ነገር ቸግሮኛል።

አንደኛው፣ ሁለተኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል እንደዚያ ሲያራውጠን ቆይቶ ሲያበቃ፣ ድንገት ይሄ ለስላሳ ዜማ ይመጣል። ጣፋጭ ነው። ከመጣፈጡ ብዛት እራት ግብዣ ላይ ሰው እያወራ ከጀርባ የሚሰማ ሙዚቃ ይመስላል። አስተማሪዬ «ማረፊያ ነው፣ አድማጩ ትንፋሽ ይውሰድበት፣ ብዙ አታስቢበት» አሉኝ። እኔ ግን ላርፍበት አልቻልኩም። መሐል ላይ ዜማው ያብጣል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ይሟሽሽና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድምፆች ብቻ ይቀራሉ። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል። ለምን?

ሁለተኛው ችግሬ ቀላል ነው፤ ሦስተኛው ክፍል 7/8 ነው፤ በየመስፈሪያው ሰባት ሰባት ምት ማለት ነው። ሳላስበው አንድ ምት እጨምርና ስምንት አደርገዋለሁ። ቀስ ብዬ ስቆጥር ልክ ነኝ። ስፈጥን ይጠፋብኛል።

የተጫወታችሁት ወይም አጥብቃችሁ የሰማችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከበሮ መቺ

ሰላም እህቴ። እኔ ፒያኖ አልጫወትም፣ ከበሮ ነው የምመታው። ስለ ሁለተኛው ክፍል የሚያውቁ ይንገሩሽ፤ ሰባቱን ግን ለእኔ ተይው።

ችግርሽ እስከ ሰባት መቁጠርሽ ነው። በዚያ ፍጥነት ማንም ሰው እስከ ሰባት አይቆጥርም፤ አፍ አይደርስም። ሰባቱን በሦስት ክምር አድርጊያቸው። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ከዚያ ቁጥሩን ተይና ቃል ስጪው። እኔ ለራሴ ያወጣሁለት ይሄ ነው፦

ቶሎ፣ ተነሱ፣ እንሂድ።

ቶ-ሎ፣ ሁለት። ተ-ነ-ሱ፣ ሦስት። እን-ሂድ፣ ሁለት። ጠረጴዛ ላይ እየመታሽ በይው። ቶሎ ተነሱ እንሂድ ቶሎ ተነሱ እንሂድ። ስምንተኛ ምት የምትጨምሪበት ክፍተት የለም፤ ምክንያቱም «እንሂድ» ካልሽ በኋላ አፍሽ ራሱ ወደ «ቶሎ» ነው የሚሮጠው። እየሄድሽ በይው፣ ዕቃ እያጠብሽ በይው። ሦስት ቀን ፒያኖውን ሳትነኪ ይሄን ብቻ ብትሠሪ አይቆጭሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ፕሬቺፒታቶ» ስለተባለ ብዙ ሰው እየፈጠነ የሚሄድ ይመስለዋል። አይደለም። ጥድፊያው ካለመላወሱ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን መስመር የጀመርሽበትን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ይዘሽ መዝለቅ ከቻልሽ ሰሚው ራሱ ልቡ ይፈጥናል። የጣሊያናዊውን ፒያኒስት የማውሪዚዮ ፖሊኒን የ1971 ቅጂ አንዴ ስሚው። ምቱ ንቅንቅ አይልም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

አጃቢው

ልጄ፣ ሆድሽ የባባበት ቦታ ትክክለኛው ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም የማይሰማው ሰው ቢኖር እሱ ነበር የሚያሳስበኝ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዘፋኝ ሳጅብ ነው። ይሄን ሶናታ መድረክ ላይ አልተጫወትኩትም፤ ቤት ለብቻዬ ግን ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ እንደ አጃቢ ነው። አጃቢ ኖታ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ቃሉን ነው።

ይሄ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ቃል አለው። አጀማመሩን ከጀርመናዊው አቀናባሪ ከሹማን ኦፐስ 39 ዘጠነኛ ዘፈን ጋር አስተያይው፤ «ቬሙት» ይባላል፣ የሐዘን ስሜት ማለት ነው። ሁለቱም ኢ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ናቸው። አነሳሳቸውም በጣም ይቀራረባል፤ ይህን ያስተዋሉ ብዙ ናቸው። የዘፈኑን ግጥም የጻፈው ጀርመናዊው ገጣሚ አይኸንዶርፍ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንዳንዴ ደስ እንዳለው ሰው ሆኜ እዘፍናለሁ፤ በስውር ግን እንባዬ ይመጣል። የታሰረች ወፍም ከጨለማ እስር ቤቷ ሆና ትዘፍናለች። ሁሉም ይሰማታል፣ ሁሉም ይደሰታል። በዘፈኗ ውስጥ ያለውን ሕመም ግን ማንም አያውቅላትም።

እንግዲህ «እራት ግብዣ ላይ ከጀርባ የሚሰማ» ያልሽው ይሄን ነው። ሰው እየበላ እየጠጣ ይሰማዋል፣ ይጣፍጠዋል። ሕመሙ አይሰማውም። ፕሮኮፊየቭ አውቆ ነው ያደረገው ባይ ነኝ። ፒያኖውን እንደ ጣቶቹ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የሹማን ዘፈን እንዲሁ በአጋጣሚ ከእጁ ሾልኮ ይወጣል ብዬ አላምንም።

ዘመኑን ደግሞ አስቢው። ሁሉም ሰው «የጦርነት ሶናታ» ይለዋል። 6ኛው፣ 7ኛውና 8ኛው በአንድ ላይ እንደዚያ ይጠራሉ። ነገር ግን ሦስቱንም ያቀዳቸው በፈረንጆች 1939 ነው። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችው በሰኔ 1941 ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ታዲያ በ1939 ሞስኮ ውስጥ የሚያስፈራው ምን ነበር?

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሜየርሆልድ ታሰረ። ታላቁ የቲያትር አዘጋጅ ነው። የፕሮኮፊየቭ ወዳጅ ነበር፤ «ሴምዮን ኮትኮ» የተባለውን ኦፔራውን ለመድረክ ሊያዘጋጅለት ሥራ ላይ ነበሩ። ሐምሌ ላይ የሜየርሆልድ ሚስት ተዋናይቷ ዚናይዳ ራይክ እቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ተገደለች። እሱን ደግሞ የካቲት 1940 በጥይት ገደሉት። ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ፣ በ1939 መገባደጃ፣ ያው ፕሮኮፊየቭ ለስታሊን 60ኛ ልደት «ዝድራቪትሳ» የተባለ የመዘምራን ሥራ ጻፈ። የምር የሚያምር ዜማ አለው። «ደስ እንዳለው ሰው ሆኜ እዘፍናለሁ» የሚለውን እዚህ ጋ አምጪው።

ሶናታው ያለቀው በ1942 ነው። በነሐሴ 1941 አቀናባሪውን ከሞስኮ አውጥተው መጀመሪያ ወደ ናልቺክ፣ ከዚያ ወደ ትብሊሲ ወስደውት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ሞስኮ ውስጥ፣ ጥር 18 ቀን 1943 ነው። በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የተጫወተው ስቪያቶስላቭ ሪክተር ነበር፤ 27 ዓመቱ። ኖታውን ተቀብሎ በአራት ቀን ነው ያጠናው። አራት ቀን! አንቺ አራት ወርሽ ነው፤ አይክፋሽ፣ እኔ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሶናታው በተሰማበት በዚያው ቀን የሶቪየቱ ቀይ ጦር ሌኒንግራድን ከብቦ የነበረውን የጀርመን ቀለበት ሰበረ። አድማጩ ከሄደ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የቀሩት ሙዚቀኞች እንደገና እንስማው ብለው ሪክተር ደግሞ ተጫወተላቸው።

የሪክተር አባት ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ፤ ዘራቸው ጀርመን ነው። በ1941 ኦዴሳ ውስጥ የገዛ አገራቸው መንግሥት ሰላይ ብሎ ረሸናቸው። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ የሪክተርን የ1958 ቅጂ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነጥዬ እሰማለሁ። ዜማውን አያሞላቅቀውም። ሰው ፊት ላለማልቀስ ጥርሱን ነክሶ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚጫወተው።

ሶናታው በተሰማበት ዓመት፣ በ1943፣ የስታሊን ሽልማት አገኘ። በግጥሙ ውስጥ «ሁሉም ይደሰታል» የሚል አልነበር?

አሁን ወደ ፒያኖው ልመልስሽ። ዜማው ያለው በላይኛው ድምፅ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ ነው፤ ወንድ ልጅ የሚዘፍንበት ከፍታ አካባቢ። ዙሪያውን ኮርዶች ከበውታል። ኮርዶቹን ካስጮኽሻቸው ያ የግብዣ ሙዚቃ ይሆንብሻል። ዜማውን መጀመሪያ በአፍሽ ዝፈኚው። ትንፋሽ የምትወስጂበትን በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ኮርዶቹን ሳትነኪ ዜማውን ብቻ ተጫወቺ። መጨረሻ ላይ ኮርዶቹን በሩን ቀስ ብሎ እንደሚዘጋ ሰው አስገቢያቸው። ፔዳሉንም ቀንሺ።

ኖታ ብቻ

ለታላቄ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም። ኖታው ላይ «የጦርነት» የሚል ቃል የለም። ሜየርሆልድም የለም። አቀናባሪው የጻፈው «ሶናታ ቁጥር 7» ብሎ ነው። እሷ ነገ ፈታኞች ፊት ስትቀመጥ ታሪክ ልትተርክላቸው አትችልም። ያላት ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሆዷ ለምን እንደሚባባ ድምፁ ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት። ደግሞም አለ።

እህቴ፣ እነዚያ «ወዲያ ወዲህ» ያልሻቸውን ሁለት ድምፆች ስማቸውን እዪ። ኤ ፍላት እና ጂ። ደወል ናቸው፤ ያለ ማቋረጥ ይደወላሉ። አሁን ይሄን ልብ በዪ፦ በፒያኖ ላይ ኤ ፍላትና ጂ ሻርፕ አንድ ቁልፍ ናቸው። ክፍሉ ደግሞ ኢ ሜጀር ነው። ኢ ሜጀርን ሜጀር የሚያደርገው፣ ብሩህ የሚያደርገው፣ ሦስተኛው ድምፅ ነው፤ እሱም ጂ ሻርፕ። በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጊውና ጂ ይሆናል። ያኔ ኢ ማይነር ነው፤ ጨለመ።

ስለዚህ ያ ደወል የሚመላለሰው በብርሃኑና በጨለማው መካከል ነው። ሜጀር፣ ማይነር፣ ሜጀር፣ ማይነር። በሌላ ስም ስለተጻፈ ዓይንሽ አላየውም። ጆሮሽ ግን ሰምቶታል፤ ሆድሽም የሰማው ያንን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዜማ ሲመለስ ደግሞ አስተውዪ። ሙሉውን አይመለስም። ጥቂት መስመር ብቻ ይዘፍንና ያበቃል። ያንን ሁሉ ደወል ከሰማሽ በኋላ ያው ጣፋጭ ዜማ እንደ መጀመሪያው ሊጣፍጥሽ አይችልም። ኖታው አንድ ነው፣ ሰሚው ተለውጧል። ስለዚህ ማረፊያ የሚባለው ነገር ለእኔም አይዋጥልኝም። መድረሻችን አንድ ነው፤ መንገዳችን ነው የተለያየው።

አጃቢው

ኖታ ብቻ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኤ ፍላቱን ነገር ይሄን ሁሉ ዓመት እየተጫወትኩት አላየሁትም ነበር። አሁን ተነስቼ ቁልፎቹን ነካኋቸው። ልክ ነህ።

ታሪኩን ግን አልተውልህም። ሪክተር ራሱ ስለዚህ ሶናታ ሲናገር ሚዛኑን የሳተ ዓለም ውስጥ በድንገት እንደ መወርወር ነው ብሎታል። ሚዛን የሳተ ዓለምን የማያውቅ ልጅ እነዚያን ሁለት ድምፆች እኩል አድርጎ ይመታቸዋል፤ ልክ ናቸው ብሎ ያልፋል። የሚያውቀው ደግሞ ጂው ላይ ትንሽ ይከብዳል። ልዩነቱ የእህል ፍሬ ታክላለች። ፈታኝ ግን ይሰማታል።

ከበሮ መቺ

እህቴ፣ «ቶሎ ተነሱ እንሂድ» ምን ደረሰ?

የፒያኖ ተማሪዋ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ። ፒያኖው ጋ ነበርኩ።

ከበሮ መቺ፣ ተሳክቷል። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ በግራ እጄ ብቻ፣ ከዚያ በሁለቱም። ስምንተኛዋ ምት የለችም። የቃሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነገር አደረገብኝ። አጃቢው ስለ ሜየርሆልድ መታሰር ከጻፉ በኋላ «ቶሎ ተነሱ እንሂድ» የሚለው የቤተሰቡን ሰው የሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። በሹክሹክታ። አሁን ያንን ክፍል የምጀምረው ከበፊቱ ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ጉልበቴንም ለመጨረሻው ገጽ አስቀምጣለሁ፤ እጆቹ ከዳር ዳር የሚዘሉበት ቦታ ላይ በፊት ባዶ ሆኜ ነበር የምደርሰው።

አጃቢው፣ እንዳሉኝ ሁለተኛውን ክፍል ዘፈንኩት። ድምፄ ለዘፈን አይሆንም፤ ቢሆንም ትንፋሽ የት እንደሚያልቅብኝ አወቅሁ። ከዚያ ቦታ በኋላ ያለውን ኖታ ስጫወተው ራሱን ችሎ ዘገየ። እኔ አላዘገየሁትም። «ቬሙት»ንም ሰማሁት። ሁለቴ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ሦስተኛ አልደገምኩም፣ ምክንያቱም የሹማንን ሐዘን ይዤ ፕሮኮፊየቭን መጫወት ጀምሬ ነበር።

ኖታ ብቻ፣ ለአንተ ግን አንድ ነገር አምጥቻለሁ። የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ ሦስተኛውን ክፍል በጣም ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ቀኝ እጅ ቢ ፍላት ሜጀርን እየደጋገመ ይመታል። ሜጀር የሚያደርገው ዲ ነው። ግራ እጅ ደግሞ ከታች ሦስት ድምፅ ያመላልሳል፦ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ፣ ቢ ፍላት። እስከ ዛሬ ያ ሲ ሻርፕ ለእኔ የቁልፍ ቦታ ብቻ ነበር፤ መሃል ጣት፣ ጥቁር ቁልፍ፣ አለቀ። አሁን ሌላ ስሙን ፈለግሁለት። ዲ ፍላት ነው። የቢ ፍላት ማይነር ሦስተኛ ድምፅ!

ያው ደወል ነው። በሁለተኛው ክፍል ብርሃኑና ጨለማው ተራ በተራ ነበር የሚመጡት። እዚህ በአንድ ጊዜ ይመታሉ፤ ከላይ ሜጀሩ፣ ከታች ማይነሩ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ። መሐል ላይ ደግሞ ኢ ማይነር ብቅ ይላል። ጂው ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ይሄን ትናንት ለአስተማሪዬ አሳየኋቸው። ሁለቱን ድምፆች ብቻ አንድ ላይ ያዝኩላቸው፣ ዲ እና ሲ ሻርፕ፣ ፔዳሉን ሳልረግጥ። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ፒያኖው ሳብ አደረጉና «ሁለተኛውን ክፍል እስቲ ከመጀመሪያው ተጫወቺው» አሉኝ።